ድንቹ እየቀዘቀዘ ነው

ኔሪስ ፒው የምሥራች ሲነገራት ቀድሞ የሚታያት ጣጣው ነው። የእህቷ ልጅ ስታረግዝ ምጡ ታያት፤ ጡረታ ስትወጣ ከደረጃ መውደቅና የዳሌ ስብራት ታያት። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኢድዋል ቤይነን ጸሎት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ ቆሞ «ዘጠነኛው ተረኛ» በአዲስ ተዋንያን ሊመለስ መሆኑን ሲያበስር፣ የድራማው ወዳጆች ማኅበር አባላት ተቃቅፈው ሲዘሉ፣ እሷ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ደርቃ መቅረቷ ማንንም አልገረመም። «ኔሪስ ደግሞ ጀመራት» ተባባሉና መዝለላቸውን ቀጠሉ። አብዛኞቹ ስልሳ ያለፋቸው ስለሆኑ የሚዘሉትም ጉልበታቸው በፈቀደው ልክ ነው።

የዛሬው ጭንቀቷ ግን የአመል አልነበረም። ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ነበረች።

«ዘጠነኛው ተረኛ» የዛሬ ሃምሳ ዓመት በየቅዳሜው ምሽት በቴሌቪዥን ይታይ የነበረ ተከታታይ ድራማ ነው። አንዲት መርከብ በከዋክብት መካከል ትጓዛለች፤ አራት ሺህ ሰው ሆዷ ውስጥ በበረዶ እንቅልፍ ተኝቷል፤ አምስት አምስት ሰው በየተራው እየነቃ ይጠብቃቸዋል። ታሪኩ የዘጠነኞቹ ተረኞችና የአለቃቸው የካፒቴን ኦርም ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ የመርከቧ ግድግዳ ብርማ ቀለም የተቀባ የእንቁላል ካርቶን ነበር፤ የጦር መሣሪያቸውም ጥቁር የተቀባ የፀጉር ማድረቂያ። ይህን የማያውቅ የከተማቸው የባሪ ሰው የለም። በማኅበሩ ሰዎች ፊት ተናግሮት የሳቀ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አሥራ ሁለቱ ክፍሎች ተርፈዋል። አሥራ ሦስተኛው፣ የመጨረሻው፣ የለም። በዚያን ዘመን ቴፕ ውድ ዕቃ ስለነበር ጣቢያዎቹ አንዴ ያሳዩትን አጥፍተው በላዩ ላይ ሌላ ይቀዱበት ነበር፤ ሰው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያለቅስበታል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከዚያ ክፍል በዓለም ላይ የቀረው የኢድዋል ካሴት ብቻ ነው። ኢድዋል ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ማይክሮፎኑን ቴሌቪዥኑ ፊት ደቅኖ፣ አባቱ ጋዜጣ እንዳያገላብጥ አስጠንቅቆ፣ ውሻውን ጓሮ አስሮ ድምፁን ይቀዳው ጀመር። ሁሉም እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አማረለት። ካፒቴን ኦርም የተኙት ሰዎች አዳራሽ በር ላይ ቆሟል። መርከቧ ደርሳለች የሚል መልእክት መጥቷል፤ እውነት ከሆነ በሩን ከፍቶ ሊቀሰቅሳቸው ነው፤ ውሸት ከሆነ ደግሞ አንዴ የነቃ ተመልሶ አይተኛምና አራት ሺሁም ያልቃሉ። ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ካፒቴኑ የመጨረሻ ቃሉን ሊናገር ሲል የኢድዋል እናት ከማድ ቤት፣ «ኢድዋል፣ ድንቹ እየቀዘቀዘ ነው። ና ብያለሁ» ትላለች። ከዚያ የእግር ኮቴ፣ ከዚያ የመዝጊያው ሙዚቃ፣ አለቀ።

ማኅበሩ በዚያች «ቀጭ» የተነሳ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ኖሯል። «ከፋቾች» አሉ፤ በሩን ከፍቶታል ባዮች። «ዘጊዎች» አሉ፤ በሩን ለዘለዓለም ቆልፎታል ባዮች። በዚህ ተጣልተው ለልጆቻቸው ሠርግ ያልተጠራሩ ሁሉ አሉ። የዘጊዎቹ አለቃ ኢድዋል ነው። በየዓመቱ ትልቁ ስብሰባ ላይ ካሴቱ ይከፈታል፤ የእናትየው ተራ ሲደርስ አዳራሹ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ድንቹ እየቀዘቀዘ ነው» ይልና ይሳቃል። ኢድዋልም አብሮ ይስቃል። ኔሪስን «አንቺስ የየትኛው ነሽ?» ሲሏት፣ «እኔ ሻይ አፍይ ነኝ» ብላ ትገላገላለች።

ኔሪስ ግን በሩ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር። ቴፑን ያጠፋችው እሷ ናታ።

በሃያ ሦስት ዓመቷ ካርዲፍ ውስጥ ድራማውን ያሳየው የቴሌቪዥን ጣቢያ ቴፕ ማከማቻ ተቀጥራ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው። አንድ ቴፕ ከመጥፋቱ በፊት የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃና የመጨረሻውን አንድ ደቂቃ አይተሽ ከስያሜው ጋር መግጠሙን ታረጋግጫለሽ፤ ወረቀቱ ላይ ስምሽን ትፈርሚያለሽ፤ ከዚያ ማጥፊያው ማሽን ውስጥ ትከቺዋለሽ። ከደንቡ ጎን ደግሞ የሠራተኞቹ ልማድ አለ፤ አንጀታቸው ያልቻለለትን ቴፕ ካርዱ ላይ «ጥገና ላይ» ብለው ጽፈው የኋለኛው መደርደሪያ ላይ ይወሽቁታል፤ ማንም አይጠይቅም። ያን ቀን አሥራ ሦስተኛው ክፍል እጇ ላይ ሲገባ የምሳ ሰዓት ነበር። ድራማውን አይታው አታውቅም፤ ቅዳሜ ምሽት አባቷን ታስታምም ነበር። ሳንዱቿን እየገመጠች አንድ ደቂቃ ልታይ ከፈተችው፣ ሃያ አምስቱንም ደቂቃ ተቀምጣ አየችው። ሲያልቅ ሳንዱቿ እንደተገመጠ እጇ ላይ ነበር፤ ጉንጯ ርሷል።

ስልኩ ጮኸ። የውሾች ትርኢት ሊቀዳ ነው፣ ውሾቹ መጥተው እየጮኹ ነው፣ ቴፑ የታለ? ኔሪስ የኋለኛውን መደርደሪያ አየችው። አራት እርምጃ ቢሆን ነው። ግን የሙከራ ጊዜዋ ገና አላለቀም ነበር፤ እሷ ደግሞ እንኳን አለቃ የአለቃ ኮቴ የሚያስደነግጣት ፍጥረት ናት። አጠፋችው። ወረቀቱ ላይ ፈረመች፤ መዝገቡን አይታም ካርዱ ላይ «ሌላ ቅጂ» በሚለው መስመር «የለም» ብላ በገዛ እጇ ጻፈች።

ከአሥር ዓመት በኋላ ጋዜጣ ላይ የማኅበሩን ማስታወቂያ አየችና ሄደች። ልትናገር ነበር የሄደችው፤ ይህን ለራሷ ሺህ ጊዜ ነግራታለች። በር ላይ የተቀበላት ኢድዋል ግን «እንኳን መጣሽ፣ ሻይ ማፍላት ትችያለሽ?» አላት። ትችላለች። ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመቷ። ባሏ ሲሞት ሬሳውን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ልጅ አልወለደችም፤ እነዚህን ሰዎች ካጣች ቅዳሜ የሚባል ቀን አይኖራትም፤ ቅዳሜን ካጣች ደግሞ የቀሩት ስድስቱ ምን ሊያደርጉላት ነው?

ከማጥፋቱ ይልቅ የሚቆጠቁጣት ግን ሌላ ነበር። ኢድዋል ድራማውን ገዝቶ ሊሆን ይችላል ለተባለ የዓለም ጣቢያ ሁሉ «ቅጂ ይኖራችሁ ይሆን?» እያለ ይጽፋል፤ ኒቆስያ፣ ሉሳካ፣ ኩዋላ ላምፑር፣ አንዴማ አዲስ አበባም ሳይቀር። አድራሻውን የምትጽፈው፣ ቴምብሩን በምራቋ አርሳ የምትለጥፈው ኔሪስ ናት። እያንዳንዷን ፖስታ ስታሽግ ወዲያ ማዶ የሚያገኘው ነገር እንደሌለ ታውቃለች። «የለንም» የሚል መልስ ሲመጣም «አይዞህ፣ በሚቀጥለው» የምትለው እሷው ናት።

እንግዲህ ድራማው ሊመለስ ነው ሲባል ማንቆርቆሪያ ይዛ የደረቀችው በዚህ ነው።

አዲሱን ድራማ የምታዘጋጀው ላውሪ የማኅበሩ ልጅ ናት፤ እናትና አባቷ አባላት ስለነበሩ አዳራሹ ጠረጴዛ ሥር እየዳኸች ነው ያደገችው። ኔሪስን «አክስቴ» ትላታለች፤ ኢድዋልን ደግሞ «አጎቴ»። አንድ ቅዳሜ የዘቢብ ዳቦ ይዛ መጣችና የመጀመሪያውን ክፍል ታሪክ ነገረቻቸው። በሌላ ክፍል ለብቻቸው የተኙት አሥረኞቹ ተረኞች ይነቃሉ፤ አዲሷ ካፒቴን ሆዳን የምትባል የካርዲፍ ሶማሌ ተዋናይ ናት፤ ስትነቃ ግን የሚጠብቃት ባዶ መርከብ ነው። ካፒቴን ኦርም በሩን ከፍቶት፣ መልእክቱ ውሸት ሆኖ፣ አራት ሺሁ ሰው አልቋል። አዲሶቹ ተረኞች የእሱን ኃጢአት ተሸክመው ይጓዛሉ።

ከፋቾቹ እንኳ አላጨበጨቡም። ትክክል መሆን ፈልገው ነበር እንጂ ካፒቴኑ ነፍሰ ገዳይ እንዲሆን አልፈለጉም። ኢድዋል ፊቱ አመድ መሰለ። ኔሪስ ስኳር የምታማስልበት ማንኪያ ከእጇ ወደቀ፤ ካፒቴኑ እንደዚያ አላደረገም፣ እሷ አይታዋለች።

ኢድዋል ለመነም ተቆጣም። ላውሪ እጁን ይዛ አዳመጠችው፤ ግን አልተበገረችም።

«አጎቴ፣ ያለህ አንዲት ቀጭ ናት» አለችው። «በር ሲከፈትም ቀጭ ይላል፣ ሲዘጋም ቀጭ ይላል። ቀረጻው ልክ በስድስት ሳምንቱ ነው። እስከዚያ ማስረጃ ካመጣህ ጽሑፉን በገዛ እጄ እቀዳድልሃለሁ።»

ከዚያ ሌላ ነገር ጨመረች። ከአንድ ምድር ቤት ውስጥ የድሮዎቹ የማጥፊያ ወረቀቶች ያሉበት ሣጥን ተገኝቷል፤ ሊያነቡት ነው፤ ማን እንዳጠፋውም ሊታወቅ ይችላል።

«ምን ታደርገዋለህ ብታገኘው?» ብሎ አንዱ ኢድዋልን ጠየቀው።

ኢድዋል «ሰላም አልለውም» አለ።

ሌላ ሰው ቢናገረው ይህ ዛቻ አይደለም። ኢድዋል ግን ጡረታ እስኪወጣ የባቡር ምልክት ሰጪ ሆኖ የኖረ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ እጁን ሲያነሳ ዕድሜውን የፈጀ፣ ሰላምታ ነፍሱ የሆነ ሰው ነው።  ኔሪስ ሻዩ ሳይጠጣ ስኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች።

የሚቀጥሉትን ሦስት ሳምንታት ማን ይንገራችሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ኮቷን ትለብሳለች፤ ለምን እንደምትለብስ እሷም አታውቅም፣ ምናልባት ወደ ውጭ ለመሮጥ። ምግቧን ነክታ ትተወዋለች። የስንብት ደብዳቤ ጽፋ ቀደደች፣ ደግማ ጻፈች። የሻይ አፈላሏን፣ የስኒዎቹን ቁጥር፣ ማን ስኳር እንደሚወድ ማን ወተት እንደማይወድ ለተተኪዋ በወረቀት አዘጋጀች። ቅዳሜ ስትመጣ ግን ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ እንደደበቀች ሻይ አፍልታ ትመለሳለች። ሁሉም ሰው ዓይኑን የሚጥለው እጇ ላይ ይመስላታል። የፈረመችበት እጅ።

ሃያ ሁለተኛው ቀን ላይ ላውሪ ደወለች። ሣጥኑ ተከፍቷል። የዚያ ዓመት ወረቀቶች ውሃ ገብቶባቸው፣ አይጥ ጨርሷቸው፣ የተረፈው አንድ ላይ ተጣብቆ እንደ ገንፎ ሆኗል፤ አንድ ፊደል አይነበብም። ላውሪ በጣም አዝና ነበር የነገረቻት፤ ኔሪስም «ውይ፣ በሞትኩት» አለች፤ ስልኩን ዘጋች፤ ለሻይ የገዛችውን የዘቢብ ዳቦ በቅቤ ጥርግ አድርጋ በላች። በማግስቱ አልጋዋን ስታነጥፍ ዘፈነችም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ቋጥኝ ከደረትሽ ሲወርድ የማትዘፍኝ አንቺ ማነሽ?

ዘፈኗ የቆየው እስከ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ኢድዋል በሯ ላይ ቆሞ ነበር።

ማልታ ያለ አንድ ሰው ጽፎለታል፤ የሟች አጎቱ መኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ አንድ ሣጥን ሙሉ የድሮ ቴፕ አለ፣ ምን እንደሆነ አያውቀውም፣ መጥቶ ይይ። ኢድዋል ሐሙስ ሊበር ነው። ደረቱ ለልብ ቀዶ ሕክምና ከተከፈተ ገና አምስት ወሩ ነው፤ ከቤቱ እሷ ጋ የደረሰውም ሁለት ቦታ አርፎ ነው።

«ሐኪሙ ፈቀደልህ?» አለችው።

«ሐኪሙ ከፋች ነው» አላት፤ ሳቀ፤ ሲስቅ ደረቱን በእጁ ደገፈ።

አትሂድ አለችው። ሌላ ሰው ይላክ አለችው። የማልታ ሙቀት፣ የአውሮፕላኑ ደረጃ፣ የማያውቀው ሰው ቤት፤ የሚታያትን ጣጣ ሁሉ ደረደረችለት። እንደ ወትሮዋ መስሎት ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። ስትጨርስ ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለች ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ካሴቱ ነበር። ከቤቱ ወጥቶ የሚያውቀው በዓመት አንድ ቀን፣ ለትልቁ ስብሰባ ብቻ ነው፤ ያኔም ኢድዋል ከእጁ አይለየውም።

«ይህን አንቺ ያዥልኝ» አላት። «ተመልሼ ከመጣሁ እወስደዋለሁ። ካልመጣሁም እንግዲህ አንቺው ጋ ይቀመጥ። ቴፕ ጠብቂልኝ ብዬ ካንቺ በላይ የማምነው ሰው የለኝም።»

ኔሪስ ቁጭ አለች።  ወረቀቱ ገንፎ ሆኗል፤ ዝም ብትል የሚያውቅ አይኖርም፤ ይህ ሰው ግን በዚህ ደረት ባሕር ተሻግሮ የሌለ ነገር ሊፈልግ ነው።

«ኢድዋል፣ ማልታ ምንም የለም» አለች።

«ሣጥኑን ሳናየው?»

«ቅጂ አልተሠራም። ማልታም፣ ሉሳካም፣ የትም አልተላከም። ካርዱ ላይ የለም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ካሴቱን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

 ምድጃው ላይ የጣደችው ውሃ ፈላ፣ ማንም አላነሳውም።

«ምን ቀዱበት?» አለ ኢድዋል።

«የውሾች ትርኢት።»

አንገቱን ነቀነቀ፤ ይህንንም ለማኅበሩ መዝገብ እንደሚይዘው ዓይነት። ከዚያ፣ «ማጥፋቱ ሥራሽ ነበር፣ ይሁን» አለ ቀስ ብሎ። «ልጅ ነበርሽ። ቴምብሩስ? ቴምብሩን ማን አዘዘሽ፣ ኔሪስ? ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠሽ እየላስሽ ትለጥፊ ነበር።»

 ብዙ መልስ አዘጋጅታ ነበር፣ አንዱም ለቴምብሩ አይሆንም። ኢድዋል ካሴቱን አነሳ፣ ኮፍያውን ደፋ፣ ወደ በሩ ሄደና እጀታውን ያዘ። እዚያው ቆመ። ጀርባውን ሰጥቷት ነው የጠየቃት።

«አይተሽዋል እንዴ?»

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

ኮቱንም ኮፍያውንም ሳያወልቅ ተመልሶ ተቀመጠ። «ንገሪኝ» አላት።

ነገረችው። ሃያ አምስት ደቂቃ የነበረው አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። የማን ጃኬት ተቀድዶ እንደነበር፣ ማን ሲናገር የማን ፊት እንደታየ፣ ከካርቶኑ ግድግዳ አንዱ በስተቀኝ እንደተገነጠለ ሳይቀር ነገረችው። ኢድዋል ሁለት ጊዜ አረማት፤ ካሴቱ ላይ ሳል የሚሰማው ከንግግሩ በፊት ነው አላት፣ አስባ አመነችለት። በሩ ጋ ሲደርሱ ድምፅዋ አነሰ። ቀጭ ያለው በሩ አልነበረም። ካፒቴኑ በእጁ የያዘውን መብራት ነው ያጠፋው። በሩን ሳይነካው ጀርባውን ሰጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠና፣ «ገና አልደከመኝም። ሌላ አንድ ተራ እኔው ልጠብቃቸው» አለ። የእግር ኮቴው ከአምስቱ ተረኞች የትንሿ ነው፤ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ሙዚቃው ገባ።

«አልከፈተም» አለ ኢድዋል።

«አልከፈተም።»

«አልዘጋምም።»

«አልዘጋምም።»

ተነስቶ ወጣ። ደህና ዋይ አላላትም። በመስኮት ስታየው በአጥሩ በኩል የሚያልፈው ፖስተኛ እጁን አነሳለት፤ ኢድዋል አላየውም።

ኔሪስ ቀኑን ሙሉ እንደተቀመጠች ዋለችና ሳታስበው ጨክና ለላውሪ ደወለች። ሁሉንም ነገረቻት። ላውሪ ጽሑፉን በገዛ እጇ እንደምትቀድ ምላለችና ቃሏን ልትጠብቅ ተነሳች፤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የከበዳት።

«አክስቴ፣ ይህን ከየት አመጣሽው ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ስሜን በያቸው» አለች ኔሪስ።

በሳምንቱ ያልሰማ አልነበረም። አንድ ዘጊ ሦስት ገጽ ስድብ ጻፈላት፤ አንዲት ከፋች ምንም ያልተጻፈበት ካርድ የተሰካበት አበባ ላከችላት፤ የቀሩት ዝም አሉ፤ ዝምታው ነው የጎዳት። ኢድዋል ማልታ መሄዱን ትቶታል አሉ። ቅዳሜ መጣ፣ አልሄደችም። ሁለተኛው ቅዳሜ መጣ፣ ኮቷን ለብሳ እስከ ጸሎት ቤቱ ጥግ ሄደችና መስኮቱ ላይ ጥላቸውን አይታ ተመለሰች። ሻይ የምታፈላው ሌላ ሴት ነበረች። ይህን ካየች በኋላ ለሁለት ቀን አለቀሰች፤ ልደብቀው ብልም አልችልም፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰችው።

በቀረጻው ቀን ጠዋት ላውሪ መኪና ላከችላት። አልሄድም ብላ ነበር፤ ሹፌሩ ግን ያለሷ እንዳይመለስ ታዟል። ስቱዲዮው ድሮ የጎማ መጋዘን የነበረ ሰፊ ቤት ነው። አዲሷ መርከብ መሀሉ ላይ ቆማለች፤ ግድግዳዋ እውነተኛ ብረት ነው፣ መብራቷ እውነተኛ ነው፤ ኔሪስ የእንቁላሉ ካርቶን ናፈቃት። ሆዳን በካፒቴን ልብሷ መጥታ ጨበጠቻትና፣ እሷ ተራዋን የምትረከበው ከኦርም እጅ እንደሆነና አራት ሺሁም ሰው በሕይወት እንዳለ ነገረቻት። «ሰዎቼን አላስገደልሽብኝም» አለቻት። ኔሪስ ልብሱ ይሞቅ እንደሆነ ጠየቀቻት።

ለእንግዶች የተደረደሩት ወንበሮች ላይ የማኅበሩ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ከዳር ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ኢድዋል መጣ። ሰዎቹን አንድ በአንድ ሰላም አለ፤ እሷ ጋ ሲደርስ ግን አላያትም። አንድ ወንበር ትቶ ተቀመጠና መሀላቸው ያለው ባዶ ወንበር ላይ ኮፍያውን አኖረ።  ተነስታ ልትወጣ ስታስብ ጸጥታ ታዘዘ፤ ቀይ መብራት በራ፤ ጸጥታ ከታዘዘ በኋላ ወንበር ማንቀሳቀስ አይቻልም።

ካፒቴን ኦርም የሆነው ተዋናይ ከበሩ ፊት ቆመ። ስታየው ሃያ ሦስት ዓመቷ ሆነች፣ እጇ ላይ ሳንዱች ያለ መሰላት። ሰውየው በሩን አየ፣ እጁ ላይ ያለውን መብራት አየ። ቀጭ። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። የመጨረሻ ቃሉን ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ከኮፍያው ወዲያ በኩል ዝቅ ያለ ድምፅ ተሰማ።

«ኢድዋል፣ ድንቹ እየቀዘቀዘ ነው። ና ብያለሁ።»

የድምፅ ባለሙያው ከጆሮው ላይ መሣሪያውን ነቅሎ ተነሳ። ቀረጻው ቆመ። ማን ነው ያወራው ተባለ። ሁሉም ዞረ። የማኅበሩ ሰዎች ይህን ጊዜ አልሳቁም።

«እናቴ ናት» አለ ኢድዋል። «ይቅርታ። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የምትገባው።»

ላውሪ ዓይኗን ጠረገችና እንደገና አዘጋጁ አለች። መብራቶቹ እስኪስተካከሉ ድረስ ትንሽ ሁካታ ነበር። ኢድዋል ወደ ፊት እያየ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው፣ ተናገረ።

«ሌሎቹን አሥራ ሁለት ካሴቶች የራግቢ ጨዋታ ቀድቼባቸዋለሁ። ይሄኛውንም ልቀዳበት አውጥቼው ነበር፤ ያን ሳምንት ነው ክፍሉ ጠፍቷል የሚለውን ጋዜጣ ላይ ያነበብኩት። መለስኩት።» ኮፍያውን ወንበሩ ላይ አስተካከለ። «ድንቹን በሠራችው በዓመቱ ነው የሞተችው። ድምፅዋ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ባታጠፊው ኖሮ ራግቢ ነበር የሚሆነው።»

ኔሪስ አልዞረችም። ብትዞር እንደምታለቅስ ታውቃለች፣ ብታለቅስ ደግሞ ቀረጻው እንደገና ይቆማል።

«የቴምብሩ ነገር ገና ነው» አለ ኢድዋል። «እሱን አልጨረስኩም።»

«አውቃለሁ» አለች።

ጸጥታ ሊታዘዝ ነው። ኢድዋል ኮፍያውን ከመሀላቸው አንስቶ ጭኑ ላይ አኖረ፤ ከወንበሩ ተነስቶ ባዶው ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እንደምን አደርሽ፣ ኔሪስ» አላት።